የሎጁ የበር መቃን

ዴንቨር ባለ አንድ የፍሪሜሶኖች ሎጅ፣ ማለት የማኅበራቸው ቤት ውስጥ የሌለ ሥርዓት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ምን ቆርጦኝ። ግን አስገብቻለሁ፣ እሱም አንድ ሽማግሌን የሚወዱትን ነገር አሳጣቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ያኔ አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋ ነበር። አንድ ቀን ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ያደረጉ ነጭ ሽማግሌ ከጌት ተቀብዬ ወደ ባቡሩ ስወስዳቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዳዊት የሚደግሙ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ "ጸሎት ላይ ነዎት?" አልኳቸው።

"የለም፣ እየከለስኩ ነው" አሉኝ።

የሎጃቸው የሥርዓት አስተማሪ ናቸው ለካ። አዲስ አባል ሲገባ የሚባለውን ረጅም ንግግር ሁሉ ያለ ወረቀት በቃላቸው ነው የሚሉት፤ ለሌላውም ከአፍ ወደ ጆሮ ያስተምሩታል። አንዲት ቃል እንድትዛነፍ አይፈልጉም። እኔም ልጅ ሆኜ ዜማ ቤት ሦስት ዓመት በቃል ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ያ ችሎታዬ የጠቀመኝ የጌት ቁጥር ለማስታወስ ብቻ ነበር። ሻንጣቸው እስኪመጣ ድረስ የጥያቄ መዓት አወረድኩባቸው። እሳቸውም ሲሄዱ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ።

አባል ለመሆን ሳመለክት ባለቤቴ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። "ቻምበርስ ሮድ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ይላል፤ አንተ ሄደህ ሽርጣቸውን ልትታጠቅ ነው" አለች። "እኔ ወጥ ቤት ሽርጥ ታጠቅ ስልህ ወገቤን ትላለህ።" እዚያ ያሉት ስለሚያፈሰው ጣሪያ ሲነታረኩ የሚውሉ ሽማግሌዎች መሆናቸውን፣ ሰይጣን ቢመጣ እንኳ ሰልችቶት እንደሚወጣ ነገርኳት። አልሳቀችም። በመጨረሻ "ቅዳሴ አትቅር እንጂ የራስህ ጉዳይ" ብላ ተወችኝ።

ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት በሎጁ ወጥ ቤት ነው። ፓንኬክ ይበላል፣ ሳህኑ ይነሳል፣ ከዚያ ሽማግሌው እርሳስ ይዘው ይቀመጣሉ። ስሳሳት ጠረጴዛውን በእርሳሱ ጠቅ ያደርጋሉ። ምን እንደተሳሳትኩ አይነግሩኝም፤ ራሴ ፈልጌ እስካገኘው ይጠብቃሉ። የዜማ መምህሬም እንዲሁ ነበሩ፣ የእሳቸው ግን አርጩሜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤት ከተማ አውሮራ ያለው ሎጅ በሥርዓቱ ላይ የሚያዘውን በትር በግራ እጅ እንደሚይዝ፣ የእኛ ግን በቀኝ መሆኑን ነገሩኝ። "የእነሱ ስህተት አይደለም፤ የቤታቸው ልማድ ነው" አሉ። ይሄ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በእኛም ዘንድ የቤተልሔም ዜማ አለ፣ የቆማ አለ፤ ቃሉ አንድ ነው፣ አባባሉ ይለያያል። ይህን ስነግራቸው እርሳሱን አስቀምጠው ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ አዳመጡኝ። ከዚያ ግን ድንበሩን አሳዩኝ፤ ልማዱ ጥንታዊ ከሆነ የሎጆቹ ሁሉ የበላይ የሆነው ዋናው ሎጅ ይፈቅዳል፣ አዲስ ፈጠራ ግን ክልክል ነው።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ የሚገባውን እጩ እጁን ይዞ የሚያስገባው ሰው አደረጉኝ። የሹመቱ ስም ዲያቆን ነው፤ ባለቤቴ ስትስቅብኝ እንዳትከርም ብዬ አልነገርኳትም። እጩው ዓይኑ ታስሮ ውጭ ይጠብቃል፣ እኔ እጁን ይዤ በሩን አሳልፈዋለሁ። እንግዲህ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን በር ሳልሳለም አልፌ አላውቅም። የሎጁ በር ደግሞ ሰፊ፣ ያረጀ የእንጨት በር ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ቀኝ መቃኑ ይሄዳል፣ ግንባሬ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እገባለሁ። ማድረጌን እንኳ አላውቀውም ነበር። የእጩው እጅ በእጄ ውስጥ ስላለ የእሱም እጅ አብሮ መቃኑን ይነካል።

ምንም በማያይበት ሰዓት መጀመሪያ የነካው ነገር ያ እንጨት ነው፤ እንዴት ይረሳዋል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ አንዱ አባል ሌላውን ሲያስጠና ሰማሁ። "መጀመሪያ መቃኑን ንካ፣ ግንባርህን ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ በትሩን አንሳ።" ዞር ብዬ ብመለከት፣ ከእኔ በኋላ የገቡት ሁሉ እየተሳለሙ ነው የሚገቡት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው።

በዓመት አንዴ ከዋናው ሎጅ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሥርዓቱን ያያል፣ የአስተማሪውን የፈቃድ ወረቀት ያድሳል። ያን ዓመት የተመደበው ተቆጣጣሪ አዲስ ነበር፤ ሽማግሌውም ደክመው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። አንዳንዴ ትክክለኛውን ቃል ስል ጠረጴዛውን ጠቅ ያደርጋሉ፤ እኔም የተሳሳትኩ መስዬ ደግሜ እለዋለሁ። ከቁጥጥሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ሳህን እያጠብን፣ "ያቺ ወረቀት ከሌለችኝ ቅዳሜ ጠዋት ምን ብዬ ከአልጋ እነሳለሁ?" አሉኝ። የታጠበውን ሳህን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ።

ተቆጣጣሪው በረዷማ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሽማግሌው ቆመው ረጅሙን ንግግር ጀመሩ፣ እኔ በልቤ አብሬያቸው እላለሁ። አንዲት ቃል አልሳቱም። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አወጣና "አንድ ነገር ብቻ። ስትገቡ በሩን ትነካላችሁ። ምንድነው?" አለ።

"የቤታችን ልማድ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

"ጥንታዊ ነው?"

"ጥንታዊ ነው።"

ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን ሳበ። ሊፈርም ነው። እዚያው ቁጭ ብል ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ግን ሽማግሌው ሳያውቁ የሐሰት ቃል የሰጡ መሰለኝ፤ ነገ ቢጣራ በእኔ ጥፋት የሚዋረዱት እሳቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ኃጢአቱን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁ። "ይቅርታ፣ የእኔ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ነው። እሳቸው አያውቁም" አልኩ።

ተቆጣጣሪው ወደ ሽማግሌው ዞረ። "አያውቁም ነበር?"

አላውቅም ቢሉ ይተርፉ ነበር። "ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ" አሉ።

እስክሪብቶው ተከደነ። በሩን መንካት እንዲቀር ተወሰነ። የሽማግሌው ወረቀት አልታደሰም። ይባስ ብሎ ቃሉን አጥርቶ ያውቃል፣ እውነትም ይናገራል ተብሎ የአስተማሪነቱ ወረቀት ለእኔ ተሰጠኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናቸው ላይ ያለውን በረዶ እየጠረግኩ፣ አይተው ለምን እንደተዉኝ ጠየቅኳቸው።

"ሚስቴ የሞተች ሰሞን ነበር" አሉ። "ያን በር ዕድሜዬን ሙሉ ገብቼበታለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ ቤቱን ሰላም ብዬው አላውቅም። አንተ ስታደርገው አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ተውኩህ።" መኪናውን አስነሱና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። "አንተ ግን አፍህን መዝጋት አትችልም።"

እቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምሳ አቀረበች።

አሁን እርሳሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ሽማግሌው መንዳት ስላቆሙ ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው አመጣቸዋለሁ፤ ስንደርስ "ሂሳቡ ስንት ነው?" ይሉኛል፣ እንደ ታክሲ ሾፌር ቆጥረው ሊያሾፉብኝ። ቃሎቹ አንድ በአንድ ሄደውባቸዋል። መጀመሪያ ረጅሙ ንግግር፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹ፣ አሁን የእኔ ስምም አንዳንዴ ይጠፋቸዋል። ሌሎቹ አባላት መቃኑን መንካት ትተዋል፤ እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ መግባት ተለማምጃለሁ።

ዘንድሮ ተቆጣጣሪው ሲመጣ በሩ ፊት ለፊት ቆመን ወረቀቶቹን አሳየሁት። "የበሩ ነገር ቀርቷል?" አለኝ።

"ቀርቷል" አልኩት።

ይህን ስል ሽማግሌው በኮሪደሩ ቀስ እያሉ መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳረፉና ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉ።

ተቆጣጣሪው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። "ይሄስ?"

"ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን አድርገው ነበር" አልኩት። "መደገፊያ ፈልገው ነው።"

እስኪጨርሱ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅናቸው።