እናቴ የመረጠቻቸው መጻሕፍት

ነጭ ጋዝ የነካው እርጥብ ጣውላ ሲሸተኝ ዛሬም ትዝ የሚለኝ የቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት ነው። እናቴ በየማለዳው ወለሉን ወልውላ፣ መስኮቶቹን ከፋፍታ፣ ጠረጴዛዎቹን በአሮጌ ፎጣ ጠራርጋ ስትጨርስ፣ ሽታው ልብሷ ውስጥ ገብቶ ማታ ቤታችን ድረስ አብሯት ይመጣ ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ስትይዝብኝ፣ «ቤታችን በፋኖስ ስለሆነ ነው» እያልኩ እዋሽ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ከምባል መብራት የሌለው ቤት ልጅ መባል ይሻለኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋና የመካኒሳ ጭቃ ጫማ መዋጥ ሲጀምር፣ እናቴ ብቻዬን ቤት ትታኝ መሄድ ስለማትወድ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ ሥራዋን በደንብ ያየሁትም ያኔ ነው። መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ስለነበር፣ አንባቢዎች መታወቂያቸውን አስይዘው እዚያው ያነቡና፣ ያቆሙበትን ገጽ ጫፉን አጥፈው ይሄዱ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት አቧራ ስታራግፍ እጥፋቶቹን እያየች፣ የትኛው መጽሐፍ በሁለት ቀን እንዳለቀ፣ የትኛው ገና ከጅምሩ እንደተተወ ታውቅ ነበር። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ካገኘችም መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ፣ «እንዴት ነበር?» ትለዋለች፤ የነገራትን አትረሳም። መጻሕፍቱን የምትለየው በሽፋናቸውና በመደርደሪያ ቦታቸው ነበር።

ስለዚህ ሰው ምን እንደሚያነብ ሲቸግረው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ ታደለ ከሬዲዮናቸው ቀና ሳይሉ፣ «የሺን ጠይቋት» ይሉ ነበር። ከሁሉም አዘውትረው የሚጠይቋት አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ነበሩ።

«የሺ፣ ዛሬስ ምን ታስነብቢኛለሽ?»

«ይሄን ይውሰዱ፤ ያቺ ነርስ እያለቀሰች ነው የጨረሰችው። ያኛውን ይተዉት፣ ሦስት ሰው ጀምሮት ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ነው ያቆሙት።»

መቶ አለቃው እየተመላለሱ እዚያው አንብበው ሲጨርሱት ያመሰግኗት ነበር። አንብባው እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እሷም አንብቤያለሁ ብላ አታውቅም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ እኔን አዝላ ለስም ጥሪ ብቻ እየደረሰች የምስክር ወረቀት ከተሰጣቸው እናቶች አንዷ ነበረች። ቀበሌው ከመሃይምነት ነጻ ወጣ ተብሎ ከበሮ ከተመታ በኋላ ደግሞ፣ እኔ ፊደል አልለየሁም ብሎ መናገር የሰው ድግስ ማበላሸት ነበር። በዚያ ወረቀት ሥራ ገባች። ከአገር የሚመጣላትን ደብዳቤ በር ዘግቼ የማነብላት እኔ ብቻ ምስጢሯን አውቅ ነበር።

በበጋው፣ የካቲት ላይ፣ ደራሲ ይመጣል ተባለና ከዕድራችን አግዳሚ ወንበር ተውሰው አዳራሹን ሞሉት። እናቴ ለዓመት በዓል የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ ጋሽ ታደለም ፊት አስቀመጧት። እኔ ከኋላ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ነበርኩ፣ አፍንጫዋን የምትይዘው ልጅም ነበረች። ደራሲው ስለ ሥራው አውርቶ ሲያበቃ፣ እዚህ ሰፈር መጽሐፌ እንዲህ የተነበበው በማን ምርጫ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ታደለ በኩራት ወደ እናቴ አመለከቱ። ደራሲው ደስ ብሎት መጽሐፉን አቀበላትና፣ «እንግዲያው እርስዎ የወደዱትን ቦታ ያንብቡልን» አላት።

እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «መነጽሬን ቤት ረስቼው» አለች። ደራሲው ምንም አይደለም ብሎ ወደ ሌላ ሰው መዞር ጀምሮ ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ብድግ አልኩ።

«እማዬ መነጽር የላትም። ማንበብም አትችልም። እኔ ላንብብ?»

የልጅ አፍ ነው፣ አመለጠኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። የምለውን አውቄ ነው ያልኩት። በዚያች ልጅ ፊት ቆሜ እንዲጨበጨብልኝ ፈልጌ ነበር።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተቀበለው። ደራሲውም እየሳቀ፣ «ታዲያ መጽሐፌን በምን መረጡት፣ አሽትተው ነው?» አለና እኔን ወደ ፊት ጠራኝ። ገጽ ተኩል ሳልደናቀፍ አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ፣ መጽሐፉንም ፈርሞ ሰጠኝ። ወደ ቦታዬ ስመለስ እናቴም ከሰው ጋር ታጨበጭብ ነበር። እጆቿን አየሁ፣ ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት ግን አልደፈርኩም።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ጥሩ አነበብሽ» ብቻ አለችኝ። ለቀናት ጥፊዋን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ የሚጠይቃት ሰው ጠፋ። የመረጠችላቸውን ሁሉ ወደው ያነበቡት መቶ አለቃ እንኳ፣ «ለካ ስታሾፊብኝ ነው የከረምሽው» ብለዋት ወደ ጋሽ ታደለ ዞሩ፤ ጋሽ ታደለም እጃቸው የደረሰበትን አንስተው ይሰጧቸው ነበር። በክረምቱ፣ መጻሕፍቱን ታደባልቃለች ተብሎ ግቢውንና ሽንት ቤቱን ብቻ እንድታጸዳ ተነገራት። አንድ መጽሐፍ እንኳ ከቦታው አሳስታ አታውቅም ነበር። በዚያ ክረምት ይዛኝ አልሄደችም፣ እኔም ውሰጂኝ አላልኳትም።

ዛሬ የመካኒሳ ጭቃ አስፋልት ሆኗል፤ እኔም ደራሲያን እየጋበዝኩ መድረክ ላይ የማወያይ ሰው ሆኛለሁ። ሰዎች ምን እናንብብ ሲሉኝ፣ አንዳንዴ ከመሀሉ ያላለፍኩትን መጽሐፍ ሳይቀር አፌን ሞልቼ አወድሳለሁ፣ እስቲ አንብቢልን ያለኝም የለም። ሰዎች ሄደው አንብበው፣ እንዳልሽው ነው ብለው የሚመለሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ለእናቴ ሁሉም ይመለሱላት ነበር። እሷ አርጅታ ለቡ ሰፈር ከእኔ ጋር ትኖራለች። አንዳንድ ቀን ሁለት መጽሐፍ ይዤ አጠገቧ እቀመጥና፣ «እማዬ፣ የቱን ላንብብ?» እላታለሁ። እጇን ወደ ነጠላዋ ሰብስባ፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ» ትለኛለች። ከዚያች የየካቲት ቀን በፊት ይህን ስትል ሰምቻት አላውቅም።