ሁለት ሰው፣ አንድ ብሌን

ዓይኔ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቀኙ ቆሰለ፤ ቁስሉ ሲድን ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሎ ሄደ። ግራው ሲከተለው ሥራዬም አብሮ ሄደ። በማተሚያ ቤት እርማት አንባቢ ነበርኩ። "ሰ"ን ከ"ለ" መለየት ያቃተው ዓይን ይዞ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ነውር ነው ብዬ ጊዜዬ ሳይደርስ ጡረታ ጠየቅሁ።

ከዚያ በኋላ መንገድ የሚያሳየኝ ባለቤቴ ነበር። ፒያሳ ውስጥ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ የአራዳ ልጅ ስለሆነ ቀልድ አይነጥፍበትም። ከአፍንጮ በር ወደ ታች ስንወርድ ክንዴን ይዞ ያየውን ሁሉ ይነግረኛል። ፒያሳ የፈረሰ ሰሞን ግን ዝም ማለት አበዛ።

"ምን ላይ ደረስን?" እለዋለሁ።

"አዲስ ንጣፍ ላይ። ሌላውን አትጠይቂኝ፤ ለዚህ ለዚህስ ያንቺ ዓይን ይሻላል።"

ሐኪሙ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ መሆኑን ነገረን፦ የሌላ ሰው ብሌን። ከሞተ ሰው፣ ሳይሞት ቃል ከገባ ወይም ቤተሰቡ ከፈቀደ ሰው የሚገኝ። ሰጪው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነውና ስልክ እስኪደወልልን እንድንጠብቅ አሰናበተን።

ይህን መጠበቅ ከሌላ መጠበቅ ጋር ላመሳስለው አልችልም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምን ብዬ እንደምለምን ይጠፋኝ ነበር። አንድ ሰው ይሙትልኝ ልበል? ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ።

"አንቺ ዓይን ለምኚ" አለኝ። "ሞትማ ላንቺ ብሎ አይመጣም፣ ላንቺ ብሎም አይቀርም።"

ስልኩ የተደወለው ቁርስ ላይ ሳለን ነው። ሆስፒታሉ ስንደርስ ለዚያው ጉዳይ የተጠራች አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ አገኘናትና ከጎኗ ተቀመጥን። ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ እንደምትሠራ፣ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር እንደመጡ፣ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ እንዳላት አጫወተችኝ። የሷ በሽታ ብሌኑን እያሾለ የሚሄድ ነው፤ ቀኝ ዓይኗን ጨርሶ ግራውን ጀምሮታል።

ሐኪሙ መጥቶ ወንበር ስቦ ፊታችን ተቀመጠ።

"ሁለታችሁንም የጠራናችሁ ሁለት ብሌን ስለደረሰን ነበር" አለ። "ደህና አድርገን ስናየው ግን አንደኛው የሚሆን አይደለም። ጥርት ያለው አንድ ብቻ ነው።"

ልጅቷ ቀደመችኝ። "ለማን ነው ታዲያ?" አለች።

"ለሳቸው። እሳቸው በሁለቱም አያዩም፤ አንቺ በግራሽ ታያለሽ። ሁለቱንም ያጣ ይቀድማል።"

"እኔ እኮ ልጅ አለኝ። በእጄ ሠርቼ ነው የማድረው። ይቺም ዓይኔ እየሄደች ነው። እሳቸው ደግሞ..."

አልጨረሰችውም። ማንም ሊጨርሰው ይችላል፦ እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። እውነቷን ነው። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ሐሳቤ ከሷ ሐሳብ ጋር አንድ ሆነብኝ።

"ለሷ ይስጧት" አልኩ። "እኔ የምሮጥበት ነገር የለኝም።"

የባለቤቴ እጅ ክንዴ ላይ ጠበቅ አለ።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋና "እናቴ፣ ተራዎን መተው ይችላሉ፤ የርስዎ ነው" አለኝ። "ግን እኔ እንድመርጥ አይጠይቁኝ። ዛሬ ማን ወጣት ነው፣ ማን ልጅ አለው ብዬ ከጀመርኩ፣ ነገ ማን ባለሥልጣን ነው፣ ማን ባለጸጋ ነው የሚል በሩን ያንኳኳል። ሰው የምመዝንበት ሚዛን የለኝም። ዓይንን ግን ማየት እችላለሁ፤ የርስዎ ሁለቱም ጨልመዋል።"

ከዚያ ልጅቷ ወደኔ ዞረች።

"እትዬ፣ እዚህ ማን አመጣዎት?"

"ባለቤቴ።"

"ክንድዎን ይዘው?"

"አዎ፣ ክንዴን ይዞ።"

"እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት። ታክሲውንም አይቼ ነው የያዝኩት።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የከበዳት ይመስለኛል፤ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች። "ይውሰዱት እትዬ። ተናድጄ እንጂ የርስዎ ነው። እኔ እቆያለሁ።"

እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው። ቫኒላ ቫኒላ ይሸት ነበር። ያን እጅ በሁለት እጄ ያዝኩት። ስንት ዓመት በቃላት መሀል የኖርኩ ሴት "እግዜር ይስጥሽ" ከማለት ሌላ አልመጣልኝም።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰንበት ሲል ደግሞ አንድ ፊት ከብርሃኑ ውስጥ ወጣ። ጉንጩ የሟሸሸ፣ ጺሙ ጥጥ የመሰለ።

"ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?" አልኩ።

"ይኸው! ዓይን የሰጡሽ ለስድብ ነው እንዴ?" አለ ባለቤቴ፤ እንባው ግን እየወረደ ነበር። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ እንደ ዘበት "እኔም ስሞት ዓይኔን ይስጡልኝ" አለ። "ብዙ ቆንጆ አይቼበታለሁ፤ የተለማመደ ዓይን ነው።" ሳቅን። ቀልዱ ቃል መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የዓይኔ ባለቤት ማን እንደነበረ አይነገርም። በስም ማመስገን ስላልቻልኩ ከሐዘን ቤት ድንኳን ፊት ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ምናልባት የነሱ ሰው ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ግን ቤተኛ ሆነች። ለዐውደ ዓመት ኬክ ይዛ ትመጣለች፤ ለኢድ እኛ ልጇን ልንስም እንሄዳለን። የቀራት ዓይን እየደከመ ነበር። ክሬሙን በመዳሰስ ማስተካከል መጀመሯን ለባለቤቴ ነግራው ለኔ እንዳይነግረኝ አስማለችው። እሱ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ነገረኝ።

ባለቤቴን ልቡ ድንገት ከዳው። ማለዳ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ለቅሶው ገና ሳይደምቅ ቃሉ ትዝ አለኝና ብሌን ወደሚሰበስበው የዓይን ባንክ ደወልኩ። የዓይን ባንኩ ሠራተኛ ሴት ነች፤ ድምጿ ለስላሳ ነው።

"አንድ ነገር ለምንሻለሁ" አልኳት። "አንዷ ብሌን ለማውቃት ልጅ ትሁን። እሷም እየጠበቀች ነው። ብሌን ሲሰጠኝ ለኔ ስትል የቆየች ልጅ ናት።"

"እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለች። "ይህን ግን ማድረግ አንችልም። ተራው ለደረሰው ነው የሚሰጠው።"

"የባሌ ዓይን አይደለም?"

በቀስታ "ለርስዎ የሰጡት ሰዎች 'ለዘመዳችን ካልሆነ' ቢሉ ኖሮ ዛሬ ስልኩን አይተው ይደውሉልን ነበር?" አለችኝ።

ሐኪሙ ያን ቀን ለኔ የቆመበትን ሕግ ዛሬ በሌላ ሰው ላይ ላፈርሰው ኖሯል። "ኑ" አልኳት። "ለማንም ይሁን፣ ኑ።"

የባለቤቴ ታላቅ እህት ይህን ሰምታ ደረቷን ደቃች። "ዓይኑን አውጥታችሁ? በምኑ ነው ፈጣሪውን የሚያየው?" ብላ በሩ ላይ ቆመች። የንስሐ አባታችን ነበሩና ክንዷን ያዟት።

"ልጄ፣ አንበሳ የበላቸውን ሰማዕታት የሚያስነሳ አምላክ ሁለት ብሌን ያቅተዋል?" አሏት። "ወንድምሽ ሳይሞት ሰጥቷል። የሰጠውን አትንጠቂው።"

ከበሩ ዞር አለች። ሰዎቹ ገብተው ሥራቸውን በጸጥታ ሠርተው ወጡ። ፊቱን ሳየው እንደተኛ ሰው ነበር፤ ምንም አልጎደለበትም።

ለልጅቷ የደረሳት ከብዙ ወር በኋላ ነው። የባለቤቴ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ብሌን ያን ያህል አይቆይምና። የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው ሐዘን ቤት፣ ሰጣት። እኔው ነኝ ክንዷን ይዤ ሆስፒታል ያደረስኳት። ፋሻዋ ተፈትቶ ከመኪና ስንወርድ ልጇን ከእናቷ እቅፍ ተቀብላ ፊቱን በጣቷ እያገላበጠች "ይቺ ጠባሳ መቼ ነው የመጣችው?" እያለች ትቆጣ ነበር፤ ቁጣዋን ስሰማ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

የባለቤቴ እህት አልፎ አልፎ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የወንድሟን ዓይን በከተማው ውስጥ መፈለግ ጀምራለች። ብሌን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነገር ነው፣ የሰውን አስተያየት ይዞ አይሄድም ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን አልነገርኳትም።

"ዛሬ ከስድስት ኪሎ ስመጣ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ አየሁ" አለችኝ ባለፈው። "አስተያየቱ ቁርጥ ወንድሜ!"

"አናገርሽው?"

"ምን ብዬ ላናግረው? ሂሳቡን ከፈልኩለትና ወረድኩ።"