ከቤት ጀርባ የደፋሁት አጥሚት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን እናዘዛለሁ፣ ሐሜቴን እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ያቆምኩት፤ ይህን የምታነብ ሆይ፣ አጻጻፌን ታገሰኝ። ቀለሙና ቁራጭ ብራናው የባሌ ነው፣ ደብተራ ነው።

ገና ሳላገባ፣ የታላቅ እህቴ የእቴቴ የበኩር ልጅ ድክ ድክ ማለት እንደ ጀመረ ተቅማጥ ያዘው። ክረምት ነበር፤ እቴቴ ዳጉሳ ልታርም ስትወርድ ልጁን ለእኔ ትታ ትሄዳለች። የመንደራችን ሴቶች ምክራቸው አንድ ነው፤ «ከላይ ያጠጣሽው ከታች ይወጣል፤ አንጀቱ እስኪደርቅ ውሃ አታሳዪው» ይላሉ። እኔም አላሳየሁትም። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ሲያለቅስ እንባ አልወጣው አለ።

ከበለስ ወንዝ ማዶ የምትኖር አንዲት የጉሙዝ እናት ጥጥ ልትሸጥ በደጃችን ስታልፍ ልቅሶውን ሰምታ ገባች። የሆዱን ቆዳ በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ከስንቋ የማሽላ ዱቄት ቀጭን አጥሚት ሠራች፣ ጨው ጣል አደረገችበት፣ ቀምሳ በቅሏ ሰጠችኝ። አማርኛ ለእሷም ለእኔም የእናት ቋንቋችን አይደለም፤ ሴቷን እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ።

«ትንሽ ትንሽ ስጠው። ቢያስመልሰው፣ ቆይ፤ ደግሞ ስጠው። ልጅ ውስጡ ሲደርቅ ነው የሚሞት» አለችና ሳቅ ብላ፣ «አንተ ጠጥተህ እንዳትጨርስበት» አለችኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ልጁ ማዕተብ ያሰረ ነው፤ ክርስቲያን ባልሆነ ሰው ዕቃ ቢጠጣ ይረክሳል ብዬ ፈራሁ። ማን አስተማረኝ? ማንም። የኔታ ክርስቲያን ስላላረደው ሥጋ የነገሩንን እኔው በራሴ ወደ አጥሚት አዞርኩት። ደግሞም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ፊቷን እያየሁ እምቢ ማለት አቃተኝ። ቅሉን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ እጅ ነሳሁ። ወጣ ስትል ከቤት ጀርባ ደፋሁት። አንዲት ጠብታ ለልጁ አልደረሰችም።

ከገበያ ስትመለስ ቅሏን ልትወስድ ጎራ አለች። «ጠጣ?» አለችኝ። «ጠጣ» አልኳት።

በማግስቱ ልጁ ሞተ።

እቴቴ ደረቷን እየደቃች ምን ቀምሶ እንደ ነበር ጠየቀችኝ። «የማዶዋ ሴት አጥሚት አጠጣችው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ ወዲያ ያቺ ሴት ስታልፍ ድንጋይ ይወረወርባት ጀመር፣ እናቶችም ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባት ጀመር። በኋላ መንገዷን ለወጠች። ውሸቴ ግን መንደሩ ውስጥ ቀርቶ ምክር ሆነ፤ «ለሚያስቀምጠው ልጅ አጥሚት ገዳይ ነው» ይባባላሉ። ስንቷ እናት ይህን ሰምታ ልጇን አስጠማች? አላውቅም። ለማወቅስ ድፍረት አለኝ?

አምና የራሴ ልጅ ታመመች። በሩን ዘግቼ ያቺ ሴት ስትሠራ ያየሁትን አጥሚት ሠራሁ፣ በጣቴ እያጠቀስኩ፣ እያረፍኩ ሰጠኋት፤ ዳነች። ሴቶቹ «ምን አግኝተሽላት ነው?» ሲሉኝ «ጠበል» አልኩ። እውነቱን በመደበቄ ያን ቀን አጥሚቱን ዳግመኛ እንደ ደፋሁት ነው።

ዛሬ የእቴቴ ትንሹ ልጅ ታሟል። ከጠዋት ጀምሮ ያስቀምጠዋል፣ እሷም ውሃ ከልክላዋለች። «ልጅሽን ያዳነውን ጠበል ይዘሽልኝ ነይ» ብላ ላከችብኝ። አጥሚቱን ሠርቻለሁ፤ እስኪበርድ ነው ይህን የምጽፈው። በጠበል የተሠራ ነው ብላት ታምነኛለች፣ ልጁም ይጠጣል፣ የእኔም ስም ይተርፋል። ይህ ሐሳብ መጥቶብኛል፤ አልደብቅህም። ታዲያ ነገ የጎረቤቷ ልጅ ሲታመም እቴቴ ምን ብላ ልትመክር ነው?

እነግራታለሁ። የማን አጥሚት እንደሆነና ያኔ የት እንደ ደፋሁት እነግራታለሁ። ብትመታኝም ልጁ እስኪጠጣ ከደጇ አልሄድም። ከዚያ ወንዙን ተሻግሬ ያቺን ሴት እፈልጋለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። አፍሬ ነው አልልም፤ እፍረቴ ከመዋሸት አልከለከለኝም። ይቅርታው የእቴቴና የዚያች ሴት ነው፤ ቢነፍጉኝ ይገባኛል። ከአንተ የምለምነው ይቅርታ አይደለም፤ የታመመ ልጅ ካለህ አታስጠማው።

በርዷል። ልሂድ።