እንዳይነሳ የተባለው ባርኔጣ

ዛሬ ከልጄ አንገት የወደቀውን ሻርፕ ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ላነሳ ስል፣ ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ እጄን አፈፍ አድርገው ያዙኝ። ክው አልኩ!

ልጄ እንግሊዝኛ እያስጠናችኝ ነበር። (እኔ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» አላልፍም፣ አትሳቁ።)

«ማሚ፣ ‹ፒክ አፕ› ማለት የወደቀ ዕቃ ማንሳት ነው። ሰውን በመኪና መጥቶ መውሰድም ይባላል» እያለችኝ ነው ያጎነበስኩት።

እማማ ዘነቡ እጄን ሳይለቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በጣልያን ጊዜ አባቴን እዚሁ ልደታ በካሚዮን ጭነው ሲወስዱት ባርኔጣው ግቢያችን ውስጥ ወደቀ። እናቴ ‹ማንም እንዳይነካው! ሌላ ሰው ካነሳው ባለቤቱ አይመለስም› አለች። ዙሪያውን እየጠረግን ክረምቱ አለፈበት።

አንድ ቀን ጠዋት ብንነሳ ባርኔጣው የለም። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፤ ውሻችንም አልጮኸም።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?» አለች ልጄ።

«እናቴማ ‹እሱ ነው፣ መጥቶ ወሰደው› ብላ ማልቀሷን ተወች። እኔ ግን ያን ቀን ጀመርኩ። ባርኔጣውን ከወሰደ፣ ከእንግዲህ ምን ብሎ ይመለሳል ልጄ?»

ሻርፑን ልጄ ራሷ እንድታነሳው ተውኩላት።

እናንተስ ቤት የሄደ ሰው የሚጠብቅ፣ ማንም የማይነካው ዕቃ አለ? እስቲ አጫውቱኝ።