የጡት ልጄን የካድኩበት እሑድ

ይህንን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሐሜቴን፣ ቁጣዬን ሁሉ እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ወለላን አልወለድኳትም። እናቷ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ከግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራየች ብቸኛ ሴት ነበረች፤ በወሊድ ሞተች። እኔ ወተት አልነበረኝም። እንደ አገሬ ወግ ጡቴን ማር ቀብቼ አጠባኋት። በግቢው ሰው ፊትም «ከሆዴ ከወጣችው ከአልማዝ አልለያትም፣ የሌላ ልጅ ናት አልልም» ብዬ ማልኩ። ስሟን ያወጣሁላት ከዚያው ማር ነው።

መዳህ ስትጀምር እግሯ ተሰበረ። እሱ ሳይጠገን ክንዷ። ትደበድባታለች ተብዬ ታማሁ። ሐኪሙ ነው ነጻ ያወጣኝ፤ ከዘር የሚመጣ፣ እሱም በትምህርት እንጂ በዐይኑ አይቶት የማያውቀው የአጥንት በሽታ ነው አለ። በየወጌሻው አዝያት ዞርኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ይሆን? እኔንጃ።

ወለላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሑድ አልማዝን የሚጠይቁ ሽማግሎች መጡ። ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠራበት ጊዜ ስለነበር የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ሳይዘምት ሊድሩት ቸኩለዋል። ወለላን አርፈሽ ተቀመጪ ብያት ነበር፤ ለእህቷ ደስ ብሏት እንቢ አለች። ጆጉን ይዛ፣ የተጣመመ እግሯን እየጎተተች ልታስታጥብ ገባች። ትልቁ ሽማግሌ እግሯን አዩ፣ እኔን አዩ። ዘር ሊያጣሩ እንደመጡ አውቃለሁ።

«ይህችም ልጅዎ ናት?»

«ኧረ በጭራሽ! የሟች ተከራያችን ልጅ ናት። ለነፍሴ ብዬ ነው ያስጠጋኋት።»

አልዋሸሁም እኮ። ክፋቱ እሱ ነው። እውነት ተናግሬ ልጄን ካድኩ። ለምን? አልማዝ ቆማ እንዳትቀር? ወይስ በዘሯ በሽታ አለባት እንዳልባል? ለራሴ ነው የፈራሁት። እኔ ነኝ የካድኳት፣ ማንም አላስገደደኝም።

ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞልኝ ስለነበር ወለላ እስከዚያች ሰዓት የወለድኳት እኔ ይመስላት ነበር። የቀሩትን ሽማግሎች አስታጠበች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን አደርጋለሁ? እንግዶቹ ሲሄዱ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ጆጉን የት ላስቀምጠው?» አለችኝ።

ጠዋት እማዬ ነበርኩ።

አልማዝ ተዳረች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ዛሬ ዐይኔ ደክሞ የምታጎርሰኝ ግን ወለላ ናት፣ በምርኩዝ ቆማ። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ እማዬም ብላኝ አታውቅም። እናንተ ይማርሽ አትበሉኝ፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር በይኝ ልላት ስንቴ ጠርቻታለሁ፤ «አቤት እትዬ» ስትለኝ ውሃ አምጪልኝ እላታለሁ። ታመጣልኛለች።