ስሙ ለስላሳ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ቁልፍ የምትተክለውን ሴት የሥራ ጓደኞቿ መርፌ ይሏታል። ቀጭን ናት፤ ስትናገርም ትወጋለች። ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሦስተኛውን ስታረግዝ ግን ምላሷ ዶለዶመ። ቢያሾፉባት እንኳ ዝም ነው። ይሄኛው ብቻ ይትረፍላት እንጂ ሌላው ሁሉ ይቅርባት።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ቡና እንድትቀንስ ነገረቻት። መርፌ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ጭራሹን ተወችው። በማግስቱ ራሷን ለሁለት የሚፈልጥ ሕመም ያዛት። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ይከደናል፤ አንዴማ ቁልፉን ትታ ጣቷን ልትሰፋው ምንም አልቀራት።

ባሏ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ሁኔታዋን ሲያይ አንጀቱ አልችል አለና ከሥራ ሲመለስ ጥቁር ለስላሳ ይዞላት መጣ። ቡና ለተወች ሴት ሽልማት ነው አላት። ጠጣችው፤ ራሷም ለቀቃት። ከዚያ ወዲያ ሽልማቱ በትልቁ ጠርሙስ ሆነ፤ ፋብሪካም ይዛው መሄድ ጀመረች።

አጠገቧ ተቀምጣ እጅጌ የምትሰፋው ሴት አንድ ቀን ጠርሙሱን አየት አድርጋ፣ "እቴ፣ ይሄን ነገር ለእርጉዝ ይፈቅዳሉ?" አለቻት።

መርፌ እሷም ባሏን ይህንኑ ጠይቃው ያላትን መለሰችላት። "ስሙ ራሱ ለስላሳ ነው፤ ምን ያደርጋል?"

ሁለቱም ሳቁ።

ወሩ ሲገፋ ሆዷ አብሮ አልገፋም። ልጁም እንደ እናቱ መርፌ ነው እያሉ ቀለዱባት። አዋላጇ ግን አልቀለደችም። ሆዷን በሜትር ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ምን እንደምትበላና ምን እንደምትጠጣ ጠየቀቻት። መርፌ ቡና ባፏ እንዳልዞረ ኮራ ብላ ተናገረች። ሌላስ ስትባል፣ ያለውን ነገረቻት።

አዋላጇ ሜትሩን አስቀመጠች። "ቡና ያልኩሽ ለካፌይኑ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥቁሩ ለስላሳ ውስጥም አለ። ዘርዝሬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።"

"እሱ ነው ያቀጨጨው?"

"ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርሽ የለም።"

የዚያኑ ዕለት ተወችው። ባሏን ግን ጣዕሙ አስጠልቶኛል ብቻ አለችው።

ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች። ሴት ነበረች። አላለቀሰችም። አዋላጇ ጠቅልላ ለእናቷ አሳቀፈቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ባሏ የጋራዥ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ደረሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ምን ሆና ነው አሉሽ?"

"አይታወቅም አሉ።"

"እኔ ያጎደልኩት ነገር ይኖራል?"

"አንተ ምንም አላጎደልክም።"

ያን ጊዜ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። አፏን ከከፈተች ሌላም ነገር እንዳይወጣት ፈርታ፣ ጥርሷን ነክሳ ጀርባውን ታሻሸው ጀመር።