ከሱቅ የመጣ አልጋ

ትኬት ቆራጯ አዲሱ ቤቷ ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ ልብስ፣ የማድቤት ዕቃና ባሏን ነው። ባሏ ቀለም ቀቢ ስለሆነ ባዶ የቀለም ባልዲ አይቸግራቸውም። ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበት። ምድጃው የመጣበት ካርቶን ጠረጴዛ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ክርኑን የሚያሳርፍ እንግዳ ከሆነ ግን ካርቶኑ ይሰምጣል፣ ብርጭቆውም ይከተላል።

ገንዘብ አጥታ አልነበረም። ቤቱን ስትጠብቅ ለዕቃ ብላ ለይታ ያስቀመጠችው ነበር። ያቃታት ሌላ ነው።

«ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መቀመጫ የለም› ስትይ ትውያለሽ» ይላታል ባሏ። «ማታም ያው ነው። ለእኔም ትኬት ቁረጪልኝና ይለይልን።»

ትስቃለች። ሳቋ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ነገሩ ወደ አባቷ እንደሚሄድ ታውቃለች።

አባቷ አናጢ ነው። ዕድሜውን የሰው ቤት ሲሞላ ኖረ፦ አልጋ፣ ቁምሣጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ። የራሱ ቤት ውስጥ ያለቀ ዕቃ ኖሮ አያውቅም። ወንበሩ ክንድ የለው፣ መሳቢያው መያዣ የለው። «ነገ እጨርሰዋለሁ» ይላል፤ ነገ ደግሞ የደንበኛ ሥራ ይመጣል። እናቷ ስትታመም የተኛችበት አልጋ አንዱ እግሩ ጡብ ነበር። ጡቡ ላይ እንደተኛች ሞተች።

ቀዮቹን ጣውላዎች የገዛው ከቀብሩ በኋላ ነው። ያው አልጋ ሥር ደረደራቸውና ልጁን ጠራት። ገና ተማሪ ነበረች።

«እነዚህ ያንቺ ናቸው። ይደርቁ። ቤት ሲኖርሽ አልጋሽን እኔ እሠራዋለሁ።»

ጣውላው ደረቀ። እሷ አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች። ቤት ደረሳት። ቁልፉን ልታሳየው የሄደች ቀን አባቷ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ተከተላት። መኝታ ቤቱን ለካ። መስኮቱን ለካ። እንደገና መኝታ ቤቱን ለካ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለልጄ ቤት ዕቃ ከሱቅ ከገባ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ። የተከራየውን ቤት ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ባሏ መሣሪያውንና ጣውላዎቹን ጭኖ ወደ አዲሱ ቤት አመጣቸው። አባትየው ሆስፒታል ውስጥ የላስቲክ ኳስ ይዞ ተኛ።

ኳሱን እንዲጨብጥ ነው የሰጡት። አልጨበጠውም። ያዘው ብቻ።

ሳምንቱ ሲጀምር ሐኪሟ ትኬት ቆራጯን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

«አባትሽ ዓርብ ይወጣሉ። ከፍ ያለ አልጋ ያስፈልጋቸዋል፤ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው የሚታጠፍ፣ እግራቸው መሬት የሚነካ። ክንድ ያለው ወንበርም። መሬት ላይ እንዳይተኙ፤ ከመሬት መነሳት አይችሉም። ቤትሽ ይህ ሁሉ አለ አይደል?»

«አለ» አለች። ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችም።

የአባቷ እህት፣ አክስቷ፣ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሰምታለች። ሐኪሟ ዞር ስትል ጀመረቻት።

«ምን አለ ነው የምትይው? ባልዲ ነው ያለው! ዛሬውኑ ሄደሽ ግዢና ተገላገይ።»

«አክስቴ፣ ያለውን ታውቂ የለ።»

«ያለው እኮ ጤነኛ ሳለ ነው። ጤነኛ ሰው ብዙ ይላል።»

«ቀስ በይ፤ ይሰማል።»

«ይስማ! ጆሮው አልታመመ። ያቺን የመሰለች ሴት ጡብ ላይ አስተኝቶ ደግሞ አሁን አልጋ ሊመርጥ ነው?» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። አክስቷ እንዲህ ናት፤ የምትሰድበውን ሰው ታለቅስለታለች።

ትኬት ቆራጯ ገባች። አባቷ እየጠበቃት ነበር። ቃሉ ከአፉ ጥግ ያመልጠዋል፤ ላወቀው ሰው ግን ይሰማል።

«አልጋውን አሰብኩት» አለ። «ራስጌውን ዝቅ አደርገዋለሁ። መስኮቱን እንዳይጋርድብሽ።»

«ጥሩ ነው አባዬ።»

«እዪ።» ኳሱን አየ። እሷም አየች። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፣ ወይም እንዲንቀሳቀስ ስለፈለገች መሰላት። «አየሽ?»

«አየሁ።»

በማግስቱ አውቶብሱ ላይ ትኬት እየቆረጠች ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። አልጋ ካልገዛች አባቷ የሚያርፍበት የለም። ከገዛች፣ ሞተሃል ልትለው ነው። እጁ እስኪነሳ ልትጠብቅ አትችልም፤ እጁ አይነሳም ልትለውም አትችልም። የመልስ ሳንቲም ስትሰጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሐሳብሽን ሌላ ፌርማታ ጥለሽው መጥተሻል» አሏት።

ከሥራ ስትወጣ መላ አገኘች፤ ወይም ያገኘች መሰላት። እንጨቱ የአባቷ ይሁን፣ እጁ የሌላ ሰው። ሚስማር ዘንድ ሄደች።

ሚስማር የአባቷ የድሮ ደቀ መዝሙር ነው፤ አሁን በሁለት በር የሚከፈት የዕቃ ሱቅ አለው። ስሙን ያወጣለት አባቷ ነው። እንጨትን ከእንጨት ቀዶ አጋጥሞ ማሰር ሲያስተምረው፣ አባቷ ዞር ባለ ቁጥር እሱ እንጨቱን በሚስማር ይመታው ነበር። «ይሄ ልጅ የሠራው አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው አስቀድሞ ይናዘዝ» ይል ነበር አባቷ፣ ሚስማር ባለበትም በሌለበትም።

«የጋሼን እንጨት እኔ ልነካ?» አለ ሚስማር። «ካወቁ ያንቁኛል።»

«በየትኛው እጁ?»

ካለችው በኋላ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«እሺ» አለ ሚስማር። «እንጨቱን ልየውና። እንዳሉት ያለ ሚስማር እሠራዋለሁ። ለዓርብ መድረሱን አላውቅም፤ ካስፈለገ እዚያው አድራለሁ።»

አብረው ወደ ቤቷ ሄዱ። በሩን ስትከፍት ባሏ ኮርኒሱን እየቀባ ነበር። ሁለት መሰላል ግራና ቀኝ አቁሞ፣ በመሃላቸው ጣውላ አጋድሞ፣ ጣውላው ላይ ባልዲውን አስቀምጦ፣ ከባልዲው ጎን እሱ ቆሟል። ሩሎውን ወዲያ ወዲህ ይነዳል። ለቀቢ ጣውላ ሁሉ መቆሚያ ነው። ይሄኛው ግን ቀይ ነው፤ ሌሎቹም ከሥር እንደ መሬት መሸፈኛ ተነጥፈው ነጭ በነጭ ተረጫጭተዋል።

«ግቡ ግቡ! ዛሬ ያልቃል!» አለና ሊቀበላቸው ወደ ጣውላው ጫፍ ተራመደ።

ጣውላው ጮኸ። ባልዲው ተደፋ፣ ባሏ በእግሩ ወረደ፣ ቀለሙ እስከ በሩ መጣ። ሚስማር ሮጠ፤ ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ እንጨቱ። ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው። ከጫፍ ተነስቶ መሃሉን አልፏል።

«እኔስ?» አለ ባሏ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ። «የእኔን አጥንት የሚያይ የለም?»

«ምን አደረግህ?» አለችው።

«ምን አደረግሁ? የእኔ መረማመጃ ሌላ ሥራ ቦታ ነው ያለው። ይሄ ደግሞ ገና ያልተላገ ነው፤ ቀለም ቢነካው ይላጋል ብዬ ነው። አባትሽ ተኝቶ የሚያየው ኮርኒስ ነው፤ ነጭ ይሁንለት ብዬ እኮ ነው!»

እውነቱን ነበር። ለመናደድ የሚያመች እውነት አልነበረም። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

ሚስማር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «የተረጨው ይላጋል። የተሰነጠቀው ግን የጎኑ ማገር የሚሆነው ነበር፤ ይህን ያህል ረጅም ሌላ የለም። ያለ እሱ አልጋ አይወጣውም።»

ትኬት ቆራጯ ጣውላውን አየች፣ ኮርኒሱን አየች። ኮርኒሱ በጣም ነጭ ነበር።

«ሱቅ ያለህን አምጣ» አለችው። «ከፍ ያለውን። ወንበርም።»

አልጋውና ወንበሩ ገቡ። አልጋው ሲቀመጡበት እንደ ዶሮ ይጮኻል። አክስቷ ልታየው መጣች፤ ፍራሹን ተጫነችና፣ «ኪራይ ነው እንበለው» አለች። ባሏ የሚስማር ስጦታ ነው ይባል አለ። ትኬት ቆራጯ ሁለቱንም እምቢ አለች። እኔው እነግረዋለሁ አለች፤ ከሆስፒታል ሳይወጣ።

ሆስፒታል አልነገረችውም፤ ልብሱን ሲያለብሱት ኳሱን ኪሱ እንዲከቱለት ጠየቀ፤ እሷው ከተተችለት። ታክሲ ውስጥ አልነገረችውም፤ ሾፌሩ አለ። ደረጃው ሥር ቆመች፣ «አባዬ» አለች። «ደግፊኝ» አላት። ደገፈችው።

አባትየው በአማቹና በልጁ መሃል ገባ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ያን ቀን ሜትሩን ይዞ የቆመበት ቦታ። አልጋውን አየ። ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ግራ እጁ ወደ ወንበሩ ክንድ ሥር ገባ፣ ዳሰሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ሚስማር» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«እንጨቴስ?»

ባሏ ሄዶ የተሰነጠቀውን አመጣ። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ አልደበቀውም። «እኔ ነኝ አባባ» አለ። «ኮርኒሱን ስቀባ ቆሜበት ነው።»

«ቆመህበት።»

«አዎ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ወፍረሃል» አለ አባትየው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ፣ «ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፉልኝ።»

«አባዬ፣ ሐኪሟ...»

«ሐኪሟ አናጢ ናት?»

ለመነችው። አክስቷ ተቆጣችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጉልበት የሌለው ሰው እምቢታ ከባድ ነው፤ ተሸክመው አልጋው ላይ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፣ ስለሚችሉም አላደረጉትም። የራሳቸውን ፍራሽ አነጠፉለት። ባልና ሚስቱ ካርቶን ዘርግተው ሳሎን ተኙ። ከሱቅ የመጣው አልጋ ባዶውን አደረ።

ሲነጋ የነቃችው ወለሉ ላይ የሚጎተት ነገር ሰምታ ነው። በሩን ስትገፋ፣ «አትግቢ» አላት። ገባች። በግራ ክርኑ ራሱን ጎትቶ ከፍራሹ ወርዷል፤ አልጋው እግር ሥር ደርሶ እዚያ ቀርቷል። አንሶላው ረጥቧል፣ ሱሪውም። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ካላያት የማታየው ይመስል።

ባሏን ጠራችው። አነሳው። አጠበችው፣ ልብሱን ቀየረችለት። አልጋው ቅርብ ነበርና ጫፉ ላይ አስቀመጡት። ጉልበቱ ታጠፈ። እግሩ መሬት ነካ። አልጋው ጮኸ።

በግራ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ዳሰሰ።

«ብዬ ነበር አይደል?» አለ። «ዕቃ ከሱቅ ከገባ ሞቻለሁ ብዬ።»

«አባዬ...»

«እንግዲህ ሞቻለሁ።» ወደ ባሏ ዞረ። «የሞተ ሰው ቁርስ ይበላል?»

ባሏ ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ።

«ይበላል» አለች ትኬት ቆራጯ። ሻይ ልታፈላ ወጣች። ማድቤት ገብታ ምድጃውን እስክትለኩስ ድረስ ብዙ ክብሪት ጨረሰች።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሰች። አክስቷ ከአባቷ ጋር ዋለች። ማታ ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የተሰነጠቀውን ጣውላ ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። በግራ እጁ የመስታወት ስባሪ ይዞ አንዱን የቀለም ጠብታ ይፍቃል። ጣውላው እንዳይንሸራተት ቀኝ እጁን አንስቶ እላዩ ላይ ጥሎታል፤ ሰው ወረቀት ላይ ድንጋይ እንደሚጭነው።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለች አክስቷ። «ተው ብለው አልሰማኝ። ግራ እጁ ሁለቴ ተቆረጠ።»

አንድ ጠብታ ተፍቆ ወጥቷል። በሥሩ እንጨቱ ቀላ ብሎ ይታያል። የቀሩትን ለመቁጠር የሚደፍር የለም።

«አልጋችሁ ይጮኻል» አለ ቀና ሳይል።

«ለሚስማር ልንገረው?»

«አትንገሪው። ይጩህ። የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቅ።»

አክስቷ ለመሄድ ነጠላዋን አስተካከለች። በር ላይ ሆና ባዶውን ሳሎን፣ ባልዲዎቹን፣ ካርቶኑን ዞር ብላ አየች።

«የእናንተስ?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለራሳችሁ አልጋ የምትገዙት መቼ ነው?»

ትኬት ቆራጯ ወደ አባቷ አየች። የመስታወቱ ድምፅ ለአፍታ ቆሟል። እየሰማ ነው።

«እንጨቱ ሲጸዳ» አለች።

ድምፁ ቀጠለ። አክስቷን ሸኝታ ተመለሰች፣ መጥረጊያ አነሳች፣ ከእግሩ ሥር የወደቀውን ነጭ ፍቅፋቂ ጠረገች። ከዚያ ባልዲ ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች።